ከዜማ ወደ ልቦለድ፤ የብራዚላዊው ሺኮ ቡአርኪ መጻሕፍት



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ልቦለድ መናገር ከሥፍራው የወጣ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ዳሩ ግን ዛሬ ስሙ የሚነሣው ደራሲ ለሙያው ጨርሶ ባዕድ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) በብራዚል አገር፣ በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ጥቂት ጊዜ ከንድፍ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ፣ ዲግሪውን ሳይዝ ጊታሩን አንግቦ የወጣ ሰው ነው። ሙሉ ስሙ ፍራንሲስኮ ቡአርኪ ዲ ኦላንዳ ሲሆን አገሩም ውጭውም ዓለም የሚያውቀው ሺኮ ቡአርኪ በሚለው አጭር ስም ነው።

ስለዚህ ሰው ዘፈኖች ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። የዚህ ንግግር ዓላማ ግን ልቦለዶቹን ማስተዋወቅና የሥራው ቀን ረዥም፣ ለንባብ የሚተርፈው ምሽት አጭር ለሆነበት ባለሙያ የትኛውን መጽሐፍ አስቀድሞ ማንሣት እንደሚሻል ማመልከት ነው። በዚህ መካከል አንድ ጥያቄ ይነሣል። እነዚህ መጻሕፍት የሚነበቡትና የሚሸለሙት በራሳቸው ብቃት ነው ወይስ በዘፋኙ ዝና? ጥያቄው በዚያው በብራዚል በአደባባይ ተነሥቶ የሥነ ጽሑፍ ሰዎችን ያከራከረ ስለ ሆነ ሸፍኖ ማለፍ አይገባም።

ሺኮ ቡአርኪ በ1944 በሪዮ ዲ ዣኔይሮ ተወለደ። አባቱ ሰርዥዮ ቡአርኪ ዲ ኦላንዳ በ1936 «የብራዚል ሥሮች» የተባለውን ስመ ጥር መጽሐፍ የጻፉ የታሪክ ሊቅ ናቸው። እንግዲህ ልጁ ያደገው በመጻሕፍት መካከል ነው ማለት ነው። በ1966፣ ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በአንድ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር የአንደኝነቱን ሽልማት ከሌላ ዘፈን ጋር ተጋርቶ በአንድ ጊዜ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ኪነ ሕንፃው ትምህርት አልተመለሰም።

ወደ ልቦለዶቹ ከመግባት በፊት ግን ስለ አንድ ዘፈኑ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ለመሐንዲስ ከዚህ የሚቀርብ መግቢያ በር የለምና። ዘፈኑ በ1971 የወጣው «ኮንስትሩሳኦ» ነው፤ ትርጉሙ «ግንባታ» ማለት ነው። ነገሩ የአንድ ግንበኛ የመጨረሻ ቀን ታሪክ ነው። ሰውዬው ጠዋት ሚስቱንና ልጆቹን ተሰናብቶ ይወጣል፤ መወጣጫው ላይ ይወጣል፤ ጡብ በጡብ ላይ ደርቦ ግድግዳ ያቆማል፤ ምሳውን በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጥቂት ያርፋል፤ ከዚያም ተደናቅፎ ይወድቅና ከመንገድ መካከል ሞቶ ተሽከርካሪ ያግዳል። ታሪኩ ይህ ብቻ ነው። የሚያስደንቀው አሠራሩ ነው። ስንኞቹ ሁሉ የሚያልቁት የድምፅ ጫናው ከመጨረሻው ሦስተኛ በሆነው ክፍለ ቃል ላይ በሚያርፍባቸው ቃላት ነው፤ እንዲህ ያለው ቃል በፖርቱጋል ቋንቋ ከሌላው ዓይነት በቍጥር ያነሰ ነው። ታሪኩ ደግሞ ተመልሶ ሲነገር እነዚያው የመጨረሻ ቃላት ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አንደኛው ስንኝ ላይ የነበረው ቃል ወደ ሌላው ይሄዳል። ተገጣጣሚ የግድግዳ ክፍሎችን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ልኩ አንድ ስለ ሆነ ክፍሉ የትም ቢገባ ይገጥማል፤ ሕንፃው ግን በገጠመ ቍጥር ሌላ መልክ ይይዛል። መልኩ ሲለወጥ የማይለወጠው የሰውዬው መውደቅ ነው። በሥራ ቦታ ላይ የሞተ ሰው በመዝገብ ላይ አንድ መስመር፣ በመንገድ ላይ የአንድ ሰዓት መጨናነቅ ሆኖ መቅረቱን ከዚህ ዘፈን ይልቅ በቀዝቃዛ ድምፅ የተናገረ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል። ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ሁሉ ቢሰማው አይጎዳም።

ይህ ዘፈን የወጣው በክፉ ዘመን ነበር። ብራዚል ከ1964 እስከ 1985 በወታደሮች አገዛዝ ሥር ነበረች። በ1968 ሺኮ ቡአርኪ የጻፈው «ሮዳ ቪቫ» የተባለ ተውኔት በሳኦ ፓውሎ ሲታይ የቀኝ አክራሪዎች ቲያትር ቤቱን ሰብረው ገብተው ተዋንያኑን ደበደቡ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መንግሥቱ የዜጎችን መብት የሚያግደውን አምስተኛውን ድንጋጌ አወጣ፤ ዘፋኙም በ1969 መጀመሪያ ወደ ኢጣሊያ ሄዶ እስከ 1970 እዚያው ቆየ። ከተመለሰ በኋላም ሳንሱሩ አልተወውም። ከጂልቤርቶ ጂል ጋር በ1973 የደረሰው «ካሊሲ» የተባለው ዘፈን ርእሱ ሲጻፍ «ጽዋ» ማለት ሲሆን ሲሰማ ደግሞ «ዝም በል» ይሆናል። ሰምና ወርቅ ለለመደ የአማርኛ አንባቢ ይህ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ሳንሱሩም ቢሆን ወርቁን ለማግኘት አልዘገየም፤ ዘፈኑ በሸክላ የወጣው ገና በ1978 ነው።

ለኋላው ልቦለድ ትልቁን ፍሬ የያዘው ግን የ1974ቱ ድርጊት ነው። ስሙ ያለበት ግጥም ሁሉ ሲከለከል ጊዜ ሺኮ ቡአርኪ «ዡሊኞ ዳ አዴላይዲ» የሚባል በዓለም ላይ የሌለ ደራሲ ፈጠረ። በዚህ ሰው ስም የቀረቡት ዘፈኖች አለ ምንም ችግር አለፉ። እንዲያውም ይህ የሌለ ሰው ለአንድ ጋዜጣ ቃለ መጠይቅ ሰጥቷል። ምሥጢሩ ከታወቀ በኋላ ሳንሱሩ ከግጥም ጋር የደራሲው መታወቂያ ቅጂ ተያይዞ እንዲቀርብ ማዘዙ ይነገራል። እንግዲህ ይህ ሰው ስም ከሥራው ሊነጠል እንደሚችል የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሱ ላይ ደርሶ ነው።

በዚያው በ1974 «ፋዜንዳ ሞዴሉ» የሚል አጭር ልቦለድ አሳትሞ ነበር። በከብቶች አስመስሎ ስለ አምባገነኖች የሚናገር መጽሐፍ ነው፤ የጆርጅ ኦርዌልን «የእንስሳት እርሻ» ያነበበ ሰው ዘመዱን ያውቀዋል። ዛሬ ሲታይ የዘመኑ ሰነድ እንጂ የደራሲው ጥሩ ሥራ አይደለምና ከዚህ መጀመር አይመከርም። እውነተኛው የልቦለድ ጉዞ የተጀመረው በ1991 «እስቶርቮ» በተባለው መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው አንድ ልቦለድ፣ አንድ የዘፈን ሸክላ እየሆነ ተፈራርቋል። ልቦለድ በ1991፣ ሸክላ በ1993፣ ልቦለድ በ1995፣ ሸክላ በ1998፣ ልቦለድ በ2003፣ ሸክላ በ2006፣ ልቦለድ በ2009፣ ሸክላ በ2011፣ ልቦለድ በ2014፣ ሸክላ በ2017፣ ልቦለድ በ2019። የሥራ መርሐ ግብር የሚያወጣ መሐንዲስም ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አይጠብቅም።

ለጀማሪ አንባቢ አስቀድሞ መጠቆም የሚገባው «ቡዳፔሽት» ነው። መጽሐፉ በ2003 ታተመ። ባለታሪኩ ዦዜ ኮስታ በሪዮ የሚኖር፣ ለሌሎች ሰዎች የሚጽፍ ሰው ነው፤ ንግግሩን፣ የጋዜጣ መጣጥፉን፣ የሕይወት ታሪኩን እርሱ ይጽፋል፣ ሌላው ይፈርማል። ከስም የለሽ ጸሐፊዎች ስብሰባ ሲመለስ አውሮፕላኑ ሳይታሰብ ቡዳፔሽት ላይ ያርፋል። በሆቴሉ ቴሌቪዥን ዜና ሲሰማ አንዱ ቃል የት እንዳለቀ፣ ሌላው የት እንደ ጀመረ የማይታወቅ ቋንቋ ይገጥመዋል፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ልቡ ይታመማል። ተመልሶ ይሄዳል፤ ክሪሽካ የተባለች ሴት ቋንቋውን አለ መጽሐፍ ታስተምረዋለች፤ ስሙም በዚያ አገር አፍ «ዦዜ ኮሽታ» ይሆናል። በሪዮ ያለችው ሚስቱ ቫንዳ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ናት። ባሏ ለአንድ ጀርመናዊ የጻፈለትን የሕይወት ታሪክ ታነብና በመጽሐፉ ትማረካለች። ባል የገዛ ጽሑፉ በሌላ ሰው ስም ሲደነቅ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

የልቦለዱ ኃይል ያለው ከዚህ ላይ ነው። ኮስታ ስም አለመኖሩን ይኮራበታል፤ ሳይታወቅ መሥራት ለእርሱ እንደ መዓርግ ነው። ግን ቅናቱ ከውስጥ ይበላዋል። በቢሮ ተቀምጦ ስሌቱን የሠራ፣ ፕላኑን የነደፈ፣ በመጨረሻው ግን ከወረቀቱ ግርጌ የሌላ ሰው ፊርማ ያየ ባለሙያ ይህን ስሜት በቃላት ተጽፎ ሲያገኘው ሳይገረም አይቀርም። በመጽሐፉ ፍጻሜ ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል። ለሌሎች ሲጽፍ የኖረው ሰው ራሱ ያልጻፈው መጽሐፍ በስሙ ታትሞ ይጠብቀዋል፤ መጽሐፉም የገዛ ሕይወቱ ነው። ከዚያ በላይ መናገር የአንባቢን ደስታ መንጠቅ ይሆናል።

በዚህ መጽሐፍ ላይ ሁለት ነገር መጨመር ይቻላል። አንደኛው፣ ሺኮ ቡአርኪ ልቦለዱን ሲጽፍ ቡዳፔሽትን በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር። ከተማዋን ከካርታና ከመጻሕፍት ሠራት። ለሃንጋሪ ሰዎቹም ስም ያወጣው በ1950ዎቹ ከነበረው ዝነኛ የሃንጋሪ የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ወስዶ ነው፤ ደራሲው ራሱ ኳስ ወዳድ ከመሆኑ የተነሣ «ፖሊቴያማ» የሚባል የወዳጆች ቡድን አቋቁሟል። ሁለተኛው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለትምህርት ወደ ሃንጋሪ ከተላኩት የአገር ልጆች መካከል ይህን መጽሐፍ ቢያነቡ የኮስታን የመጀመሪያ ወራት እንደ ራሳቸው ማስታወሻ የሚያነቡ ይኖራሉ። አዲስ ቋንቋ እስኪገባ ድረስ አዋቂ ሰው ልጅ መሆኑን፣ ዳቦ ለመግዛት ሲል ሰው መሳቂያ መሆኑን የቀመሰው ያውቀዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመከረው በ2009 የወጣው «የፈሰሰ ወተት» ነው፤ በብዙ ረገድ ከሁሉም የበሰለው ሥራው ይኸው ነው ማለት ያስደፍራል። መቶ ዓመት የደፈነ ኤውላሊዮ የሚባል ሽማግሌ በሪዮ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ለነርሷ፣ ለልጁ፣ ለመጣው ለሄደው ሁሉ ሕይወቱን ይተርካል። ዘሩ ትልቅ ነው። የፖርቱጋል ቤተ መንግሥት ናፖሌዎንን ሸሽቶ በ1808 ብራዚል ሲገባ አብሮ የገባ ቤተ ሰብ፣ በባርያና በመሬት የከበረ፣ ሴናተር አባት ያወጣ። ከታች ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጥ ተወላጅ አለ። በመካከል ያለው ውድቀት በቤት ይለካል። ከትልቁ ግቢ ወደ ኮፓካባና ቪላ፣ ከቪላው ወደ አፓርትማ፣ ከአፓርትማው ወደ ከተማ ዳር። የሪዮ ከተማ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደ ተቈረሰች፣ ቪላው ፈርሶ ፎቁ እንዴት እንደ በቀለ፣ ሽማግሌው ስለ ራሱ ሲናገር ሳያስበው ይነግራል። ስለ ከተማ ፕላን ከተጻፉ አያሌ ሪፖርቶች ይልቅ ይህ አጭር መጽሐፍ ይናገራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የታሪኩ ልብ ግን ሚስቱ ማቲልዲ ናት። አንድ ቀን ከቤት ጠፋች። ለምን እንደ ጠፋች ሽማግሌው በተናገረ ቍጥር ሌላ ምክንያት ይሰጣል፤ አንዱን ሲያምኑት በሚቀጥለው ምዕራፍ ያፈርሰዋል። ቅናቱ የሚያርፍበትም ሰው ዱቦስክ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው፤ በልቦለድ ውስጥ መሐንዲስ ሲገባ ብዙ ጊዜ እንዲህ ላለው ሚና መሆኑ ያሳዝናል። ማቲልዲ ጠቈር ያለች ነች። ባሏ ይወዳታል፤ የቆዳዋን ቀለም ግን በስሙ መጥራት አይወድም፤ የዘሩን ንጽሕና ሲተርክም እዚያ ሲደርስ ምላሱ ይተሳሰራል። ደራሲው አንድም ጊዜ ጣልቃ ገብቶ አይፈርድም። ሽማግሌውን ማናገር ብቻ በቂው ሆኗል።

በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ነው ከላይ የተነሣው ክርክር የፈላው። በ2010 የብራዚል ታላቅ የመጽሐፍ ሽልማት በሆነው በዣቡቲ ውድድር «የፈሰሰ ወተት» በልቦለድ ዘርፍ ሁለተኛ ወጣ። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ ግን የዓመቱ መጽሐፍ የተባለው ከፍተኛ ሽልማት ለብቻው ይመረጥ ስለ ነበር ሁለተኛ የወጣው መጽሐፍ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተሸለመ። የአንደኛውን መጽሐፍ ያሳተመው ድርጅት ከውድድሩ እወጣለሁ አለ፤ ሺኮ ቡአርኪ ሽልማቱን እንዲመልስ የሚጠይቅ የፊርማ ዘመቻም ተነሣ። ቅሬታው ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም፤ ዘርፉ ውስጥ የተበለጠ መጽሐፍ ከዘርፎች ሁሉ እንዴት ሊበልጥ እንደሚችል ማንም የጨረታ ኮሚቴ አባል የነበረ ሰው ይጠይቃል። ዳሩ ግን የደንቡ ጉድለት የመጽሐፉ ጉድለት አይደለም። የደራሲው ስም ተሸፍኖ «የፈሰሰ ወተት» ቢነበብ ዘፋኝ የጻፈው ነው ብሎ የሚገምት አንባቢ ይኖራል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ዜማ አለው፤ ያ ዜማ ግን የሽማግሌው የትንፋሽ ዜማ ነው።

ስለ ሁለቱ የመጀመሪያ ልቦለዶች አጭር ቃል ይበቃል። «እስቶርቮ»፣ በአማርኛ «እንቅፋት» ቢባል ይስማማዋል፣ ስሙ ያልተነገረ ሰው በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ የማያውቀውን ሰው ሲያይ ይጀምርና ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ገጽ ሽሽት ነው። ከምን እንደሚሸሽ አይታወቅም። ወታደራዊው አገዛዝ ካበቃ ስድስት ዓመት ቢሆነውም ፍርሃቱ ከሰው አካል አለመውጣቱን የሚያሳይ ይመስላል። ጠንካራ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ደክሞ ከሥራ የመጣ ሰው ሊያነበው አይገባም። «ቤንዣሚን» (1995) ሊተኰስበት የቆመ ሰው በዚያች ቅጽበት ሕይወቱን ሁሉ የሚያይበት ልቦለድ ነው። አሳቡ ያማረ፣ አፈጻጸሙ ግን እንደ ንድፉ ያልሆነ ሥራ ነውና ሌሎቹን ለጨረሰ ሰው ይቈይ። በ2019 የወጣው «እነዚህ ሰዎች» ደግሞ ገንዘቡም ድርሰቱም ባለቀበት ጸሐፊ አማካይነት የቅርቡን ዘመን ሪዮ በማስታወሻና በደብዳቤ ያሳያል፤ ይነበባል፣ ያስቃልም።

ፊርማ የሚባለው ነገር በደራሲው ሕይወት ውስጥ እንደ ገና የተነሣው በዚያው በ2019 ነበር። በግንቦት ወር በፖርቱጋል ቋንቋ ለሚጽፉ ደራስያን የሚሰጠው ከፍተኛው የካሞይስ ሽልማት ለሺኮ ቡአርኪ ተወሰነ። ዲፕሎማውን የፖርቱጋልና የብራዚል ፕሬዚዳንቶች ይፈርሙበታል። የዚያን ጊዜው የብራዚል ፕሬዚዳንት ዣይር ቦልሶናሮ ግን ሳይፈርሙ ቀሩ። ደራሲው ያ ፊርማ መጓደሉ ለእርሱ ሁለተኛ የካሞይስ ሽልማት መሆኑን ተናገረ። ሽልማቱን በእጁ የተቀበለው አራት ዓመት ያህል ቈይቶ በኤፕሪል 24 ቀን 2023፣ ፕሬዚዳንት ሉላ ዳ ሲልቫ በተገኙበት፣ በፖርቱጋል አገር በኬሉሽ ቤተ መንግሥት ነው።

መጨረሻ የቀረው በ2014 የታተመው «ጀርመናዊው ወንድም» ነው፤ እውነትና ልቦለድ ከሁሉ ይልቅ የተቀላቀሉበት መጽሐፍ ነው። እውነቱ እንዲህ ነው። የሺኮ አባት ሰርዥዮ በ1929 እና በ1930 በበርሊን የጋዜጣ ወኪል ሆነው ሲሠሩ ከአንዲት ጀርመናዊት ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። ሺኮ ይህን የሰማው ወጣት ሳለ ከባለቅኔው ከማኑኤል ባንዴይራ አፍ ነው። በቤት ውስጥ ግን አይነገርም ነበር። በልቦለዱ ውስጥ ልጁ ነገሩን የሚያገኘው ከአባቱ ቤተ መጻሕፍት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተደብቆ በቈየ የ1931 ደብዳቤ ነው። ሰውዬው መጽሐፍ በመጽሐፍ፣ መንገድ በመንገድ ያንን ወንድም ሲፈልግ፣ አጠገቡ ያለው ሌላው ወንድሙ በወታደሮቹ ዘመን ይጠፋል። ሩቁን የሚፈልግ የቅርቡን አያይም፤ ደራሲው ይህን አጋነነው አይባልም፣ ከወሬ መካከል እንደ ዋዛ ነው የሚነግረው።

ከመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የሚከብደው ቢሮክራሲው ነው። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሕፃኑን ለማሳደግ የወሰዱት ሰዎች ልጁን በሕግ እንዲያገኙ የአባትየው ዘር ከአይሁድ ያልተቀላቀለ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ ከብራዚል እንዲመጣ ተጠይቆ ነበር። ማኅተም ያለበት፣ ቍጥር ያለበት፣ በትሕትና የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ከዚያ ወረቀት ላይ የአንድ ሕፃን ሕይወት ተንጠልጥሎ ነበር።

በ2013 ሺኮ ቡአርኪ በታሪክ ተመራማሪዎች እርዳታ ወንድሙ ማን እንደ ነበረ ደረሰበት። ስሙ ሰርጂዮ ጊውንተር ይባላል፤ በምሥራቅ ጀርመን ቴሌቪዥን ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ የሞተው በ1981 ነው። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ሺኮም ወደ በርሊን ሄደ። የወንድሙ ሥራ ምን እንደ ነበረ ሲጠየቅ ዘመዶቹ ከነገሩት አንዱ ዘፋኝ እንደ ነበረ ነው።

አምስቱ መጻሕፍት፣ «እስቶርቮ»፣ «ቤንዣሚን»፣ «ቡዳፔሽት»፣ «የፈሰሰ ወተት» እና «ጀርመናዊው ወንድም»፣ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕመዋል። «እስቶርቮ» በእንግሊዝኛው «ተርቢዩለንስ» ተብሎ ስለ ወጣ የሚፈልግ ሰው በዚያ ስም ይጠይቅ።